የወረድሽው የት ጋ ነው?

አንድ ሰው ነበረ፤ ከብስክሌቱ ሌላ የሚታየው ነገር አልነበረም።

ቆይ እንጂ፣ አትቸኩይ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ለከተማውም ለኮረኮንቹም የሚሆነኝ ማርሽ የቱ ነው?» ነው ያልሽኝ። እነዚያ አደባባይ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች ደግሞ «ትልቁን አስገጥሚ፣ የሚሮጠው እሱ ነው» ብለውሻል። አዲስ የተመደብሽበት ትምህርት ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የተማሪ ደብተር ጭነሽ በየቀኑ ልትመላለሺ ነው፤ ካረፈድሽ ስልሳ ሕፃን በር ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቅሻል። ገብቶኛል። እኔ ግን አርባ ዓመት ብስክሌት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ ከተውኩ ቆየሁ። እዚያች አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሰውየው የሐይቅ ዳር ከተማ ሰው ነበር። ከተማዋ ለጥ ያለች ሜዳ ናት። እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ በሽታ ነበረ፤ ሰው የሚከበረው በብስክሌቱ የፊት ጥርስ ብዛት ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብስክሌተኛው ሁሉ ሐይቁ ዳር ካለው አስፋልት ላይ ይሰበሰባል። ከመሮጣቸው በፊት ጎንበስ ይሉና አንዱ የሌላውን ጥርስ ይቆጥራሉ፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው። አርባ ጥርስ ያለው ከኋላ ይቆማል። አርባ ስድስት ያለው መሐል ይገባል። ይህ የምነግርሽ ሰው ግን ሃምሳ ሁለት ነበረው። ስሙ ራሱ ተረስቶ «ሃምሳ ሁለቱ» ሆኖ ቀረ። ሰርግ ቤት እንኳ ሲገባ «ሃምሳ ሁለቱ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይባላል። ወይ ጉድ! ያን ጥርስ የገጠመለትም መካኒክ «የኔ ሥራ ነው» እያለ በየደረሰበት ደረቱን ይነፋ ነበር።

ጥርስ የምንለው ካቴናው የሚነክሰውን ነው፤ ፊት ፔዳሉ ጋ አለ፣ ኋላም ጎማው ጋ አለ። የፊቱን ቁጥር ለኋላው አካፍዪ። ፔዳሉን አንዴ ስታዞሪ የኋላው ጎማ ስንቴ እንደሚዞር ይነግርሻል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሰውየው ትንሹ የኋላ ጥርስ አስራ ሦስት ነበር። ሃምሳ ሁለትን ለአስራ ሦስት ብታካፍዪ አራት ነው። አንዴ ሲረግጥ ጎማው አራት ጊዜ ይዞርለታል፤ ይበራል በቃ። ትልቁ የኋላ ጥርሱ ደግሞ ሃያ ስድስት ነበር፤ እሱ ሁለት ይመጣል። ከሁለት በታች ምንም አልነበረውም። ሜዳ ላይ ማን ከሁለት በታች ፈልጎ ያውቃል!

በዚያው ከተማ አንዲት ዳቦ ወሳጅ ነበረች፤ ጠና ያለች፣ ሞላ ያለች ሴት። ከዳቦ ቤት በጆንያ ትቀበልና ብስክሌቷ ላይ ጭና ከከተማው ወዲያ ተራራው ላይ ላሉት መንደሮች ታደርሳለች። የሷ የፊት ጥርስ ሰላሳ ስድስት ብቻ ነው። የኋላዋ ትልቁም ሰላሳ ስድስት ነው፤ ሰሃን ያክላል። አንዴ ስትረግጥ ጎማው አንዴ ይዞራል፣ ከዚያ አያልፍም። አስፋልት ላይ ትንሿን ጥርስ፣ አስራ ሁለቷን፣ ስታስገባ እንኳ ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ እግሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይፈጥናል፤ ብስክሌቷ ግን ቀስ ይላል። ከተማው ሲስቅባት ኖረ። ሃምሳ ሁለቱማ ባለፋት ቁጥር ደወሉን እየደወለ «እትዬ፣ ስፌቱ አለቀ ወይ?» ይላታል። እሷም «ገና ነው ወንድሜ፣ ክሩ ረጅም ነው» ብላ ትስቃለች።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ሞተር ብስክሌት ተበላሸ። ቀኑ ደግሞ ተራራው ላይ ሕፃናት የሚከተቡበት ቀን ነበር። ክትባቱ ያለው በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ነው። በረዶው እስከ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው። ከታቢዋ ነርስ ከዋዜማው ወጥታለች፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየሸለቆው ተነስተው ሄደዋል። አጠገባቸው ያለ ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል ተብሎ ልባቸው ተሰቅሏል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ «በዚህ ከተማ ፈጣኑ ብስክሌተኛ ማነው?» አለ። ሌላ ማን ይባላል? ሁሉም በአንድ አፍ «ሃምሳ ሁለቱ» አሉ።

ሰውየው ደስ አለው። ለምን ልዋሽሽ፣ ለሕፃናቱ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ነው ደስ ያለው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ ተነሳ። አስራ አምስቱን ኪሎ ሜትር አስፋልት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረሰው። መሐል ላይ ዳቦ ወሳጇን ደረሰባት። በዚያ ጥድፊያ እንኳ አልማራትም፤ ደወሉን ደውሎ «እትዬ፣ ስፌቱ አለቀ ወይ?» አለና እብስ አለ።

ከዚያ አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንቹ ጀመረ።

የመጀመሪያዋን ዳገት በመጣበት ፍጥነት ወጥቶ ጨረሳት። ሁለተኛዋ ላይ ከኮርቻው ተነስቶ ቆሞ ረገጠ። ቆሞ ሲረግጥ የኋላው ጎማ ጠጠሩን መያዝ ያቅተውና ባዶውን ይሽከረከራል፤ ቁጭ ሲል ደግሞ ፔዳሉ እንቢ ይላል። ሦስተኛዋ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በጎኑም ወደቀ። ሳጥኑ በደንብ ታስሮ ነበርና ምንም አልሆነም። ተነስቶ መግፋት ጀመረ። ጫማው የውድድር ጫማ ነው፤ ሶሉ እንደ እንጨት ደረቅ ነው። ጠጠሩ ላይ ሁለት እርምጃ ይወጣል፣ አንዱን ተንሸራቶ ይመለሳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ቢያደርግ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ሰማ። ቀና ቢል መንደሩ እዚያ ላይ ነው፤ ገና አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በዚህ አካሄዱ ቢደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መንገድ ዳር ቁጭ አለና አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ አለቀሰ ስልሽ።

እንዲህ ተቀምጦ ሳለ ከበታቹ የካቴና ድምፅ ሰማ። ዳቦ ወሳጇ ናት። ኮርቻዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጆንያዋን እንደጫነች፣ በዚያ በለመደችው እግር እያሽከረከረች ትወጣለች። ፍጥነቷ ቸኩሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም፤ ግን አልወረደችም። አጠገቡ ደርሳ ቆመች። አልሳቀችበትም።

«ምን ሆነህ ነው፣ ወንድሜ?»

«በረዶው እየቀለጠብኝ ነው፣ እትዬ! ብስክሌትሽን ስጪኝ!»

«እስቲ እግርህን እየው» አለችው። እግሩ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። «በዚህ እግር የኔም ብስክሌት አይወጣልህም።»

ሰውየው ሳጥኑን አየ፣ ዳገቱን አየ። ሳጥኑን እሷ ካደረሰችው ወሬው እስከ እሁድ ከተማውን ያዳርሳል፤ ሃምሳ ሁለቱን ዳቦ ወሳጇ ቀደመችው ይባላል። ይህ ሁሉ በልቡ አለፈ፤ ሰው አይደል! ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? ተነሳና የዳቦውን ጆንያ ከብስክሌቷ ላይ ፈታ። ሳጥኑን በቦታው አስቀምጦ አሰረ፤ ገመዱን ሁለቴ አጠበቀው። ጆንያውን የራሱ ብስክሌት ላይ ጫነ።

«ሂጂ» አላት። «ዳቦሽን እኔ አመጣልሻለሁ።»

«ትደርሳለህ?»

«እደርሳለሁ፤ ዳቦ አይቀልጥም።»

ሴትዮዋ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ሳጥኑ ሲከፈት ከበረዶው የተረፈችው እንቁላል የምታክል ናት፤ ግን ተርፋለች። ሕፃናቱ ተከተቡ። ጩኸታቸው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልነበርኩም።

ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ብስክሌቱን ይገፋል። እናቶቹ እስከዚያ ድረስ እህል የሚባል አልቀመሱም ነበር። ጆንያውን ሲያዩ «ዳቦው መጣ! ዳቦው መጣ!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። አስፋልቱ ላይ ስንት እሁድ ሲያሸንፍ እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ እዚያ መንደር ስሙ «ዳቦው» ነው። ሃምሳ ሁለት ብትያቸው ማንን እንደምትዪ የሚያውቅ የለም።

ስትስቂ አይቼሻለሁ፤ ሳቂ፣ ይሳቅበታል። ግን ታሪኩ አላለቀም፤ መካኒኩ ቀርቷል።

በማግስቱ ሰውየው ብስክሌቱን እየገፋ ወደ መካኒኩ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ይህን ጥርስ ስትገጥምልኝ» አለው፣ «የት እንደምሄድበት ለምን አልጠየቅከኝም?» መካኒኩ እውነትም አልጠየቀውም። «ስንት ጥርስ ትፈልጋለህ?» ነበር ያለው፤ ሰውየው «ትልቁን» አለ፣ ገጠመለት።

መካኒኩ እኔ ነኝ፣ ልጄ። እዚያ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ጥርስ አየሽው? ከፈለግሽ ሂጂና ቁጠሪው፤ ሃምሳ ሁለት ነው። ያን ቀን በረዶው አልቆ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የሰውየው ብቻ አልነበረም።

ያኔ አርባ ጥርስ ገጠምኩለት፤ ከኋላም ሰሃን የሚያክለውን። እሁድ ዕለት አስፋልቱ ላይ ሄዶ ከኋላ ቆመ። ጎረምሶቹ ጎንበስ ብለው ቆጠሩና ተያዩ። ዳቦ ወሳጇ በዚያ ስታልፍ ደወሏን ደውላ «ወንድሜ፣ አንተም ስፌት ጀመርክ እንዴ?» ስትለው ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው እሱ ነበር።

እኔ ግን ቶሎ አልተማርኩም፤ እልኸኛ ነኝ። ጸጸት ሲይዘኝ ለመጣው ሁሉ ትንንሽ ጥርስ መግጠም ጀመርኩ። ዕድሜውን አስፋልት ላይ ለሚመላለስ አንድ ፖስተኛ ሃያ ስምንት ገጠምኩለት። ሰውየው እግሩ ባዶ አየር ሲረግጥ ውሎ ሊደበድበኝ መጣ! ደግሞም እውነቱን ነው። እሱንም አልጠየቅኩትም ነበራ።

አንቺም ያን ሰውዬ ልትሆኚ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ ብገጥምልሽ ያው የድሮው መካኒክ ነኝ። ሰው የሚሆነውን ሲመርጥ ራሱን የሚያየው በጥሩ ቀኑ ነው፤ መንገዱ ሜዳ፣ ነፋሱ ከኋላ፣ ጭነት የለ። ሰኞ ግን እንዲያ ሆኖ አይመጣልሽም። አስፋልቱ ላይ ብታዘግሚ የሚቀርብሽ አምስት ደቂቃ ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ካለቀብሽ ግን ትወርጃለሽ፤ ልጆቹም በር ላይ ናቸው። ስለዚህ መለካት የምንጀምረው ከታች ነው፤ ደክሞሽ፣ ደብተሩን ጭነሽ፣ ነፋስ ፊትሽን እየመታሽ ከምትወጪበት። እሱ ከተያዘ በኋላ የተረፈውን ለአስፋልቱ እንሰጠዋለን፤ የሚተርፈውም አያንስሽም።

ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ፣ አርባ፣ ከኋላ ደግሞ ከአስራ አንድ እስከ አርባ ብዬ አስቤልሽ ነበር። አንዴ ስትረግጪ ጎማው ዳገት ላይ አንዴ ይዞራል፣ ሜዳ ላይ ሦስት ተኩል ያልፋል። ማርሽ ስትቀይሪ ዘለል ዘለል ይልብሻል፤ ደረጃው ሰፋ ያለ ነውና። እግርሽ ይለምደዋል።

አሁን መፍቻውን ከማንሳቴ በፊት ንገሪኝ። የት ላይ እንደምትፈጥኚ አልጠየቅኩሽም፤ እሱን ጎረምሶቹ ይጠይቁሽ። ባለፈው ሳምንት በተዋሽው ብስክሌት መንገዱን ስትሞክሪው፣ የወረድሽው የት ጋ ነው?

ከድልድዩ በላይ? ዋርካው ጋ ሳትደርሺ ነው ወይስ ካለፍሽው በኋላ?

ሳትደርሺ! ያውም ባዶ እጅሽን፣ ደብተር ሳትይዢ!

በይ እንግዲያው የፊቱ አርባ ይቅር፤ ይከብድሻል። ያቺን ሰላሳ ስድስቷን ከመደርደሪያው አቀብዪኝ፤ ዳቦ ወሳጇም የኖረችው በሷ ነው። ሰኞ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ጎረምሶቹ እየደወሉ ያልፉሻል፣ ይስቁብሻልም። አንቺ ዋርካውን ኮርቻሽ ላይ ሆነሽ እለፊ እንጂ፣ ለነሱስ ክሩ ረጅም ነው በያቸው።