ጭድ የለበሰው መስታወት

አንድ አስተዳዳሪ አዲስ መንገድ ሲመርቁ «ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዛችሁ ብትሄዱበት ጠብ አይልም» ብለው ተናገሩ። ከምረቃው ሲመለሱ መኪናቸው እዚያው መንገድ ላይ ጉድጓድ ገባና የፊት መስታወቱ ረገፈ። ሌላ ሊገዙ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ መጡ።

ዕቃ እያሸገ የሚያስጭነው ሰው አዲሱን መስታወት ጭድ መሀል አስተኛው፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለው፤ ዙሪያውን በጣውላ አጥሮ በሲባጎ ጠፈረው። ወዛደሮቹ ይሄን አይተው ሲሳሳቁ የአስተዳዳሪው ፊት ተለዋወጠ።

«ይሄ ሁሉ ጭድ ምንድን ነው? በእኔ መንገድ እኮ ነው የሚሄደው» አሉ። «ወይ አሁኑኑ ፍታው፣ ወይ መንገዱ አይረባም በልና ፖሊስ ልጥራልህ።»

ሰውዬው ሲባጎውን ጠበቅ አደረገ።

«እኔ ምን በወጣኝ መንገድዎን አማለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «የበፊቱ መስታወት ምረቃው ላይ ቆሞ ንግግርዎን ሰማ፤ አምኖም ራቁቱን ሄደ። ይሄኛው ንግግሩን አልሰማም፤ የሰማው የወንድሙን መርዶ ነው። ጭድ ካልለበስኩ አልሄድም ያለው እሱ ነው።»