በገበጣ የተቆጠረ ነጥብ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ካቻምና ነው፣ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ገበሬ ሦስት ልጆችና አንዲት በቅሎ ነበሯቸው። በቅሎዪቱ ስትሰግር ጥላዋ የሚደርሰው በማግስቱ ነበር። ሰውየው ትምህርት ቤት መመላለስ ሰልችቷቸው ሦስቱንም ልጆች በአንድ ቀን አስመዝግበው ስለተገላገሉ፣ ታላቁ ደባሱ፣ መካከለኛዋ ውዴና ታናሹ ገዳሙ ዩኒቨርሲቲም የገቡት እኩል ነው። አባት በጎረቤት ፊት፣ በዚህ ሴሚስተር ነጥቡ ለሚበልጥ በቅሎዪቱን እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ደባሱን የቸገረው በቅሎ አይደለም፤ ውዴ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በደረጃ ስትቀድመው ኖራለች። እንግዳ ሲመጣ አባቱ እሷን «ይቺ ናት ልጄ» ይላሉ፤ እሱን ውሃ አምጣ ይሉታል። ቅናቱ ከመጋሉ የተነሳ ባርኔጣው ሥር እንቁላል ይቀቀላል ይባል ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ስሙ ከስሟ በፊት ቢጠራ ይበቃው ነበር።

ውጤት መጣ። አቶ ጓንጉል ፊደል ስለማይለዩ ገበጣቸውን አወጡ። ለኤ አራት ሽምብራ፣ ለቢ ሦስት፣ ለሲ ሁለት ተባለ። ደባሱ በታሪክና በስፖርት ኤ፣ በሒሳብ ሲ ስላለው ዐሥር ሽምብራ ደረሰው። ገዳሙ በሦስቱም ቢ ነውና ዘጠኝ አገኘ። ውዴ በሒሳብ ኤ፣ በሁለቱ ሲ ነበራትና በስምንት ቀረች። አባት «ደባሱ!» ብለው ተጣሩ። ደባሱ ኮርቻም አልጠበቀ፤ በቅሎዪቱ ላይ ዘሎ ወጥቶ መንደሩን ሦስት ጊዜ ዞረ። ሦስቱንም ዙር ቀስ የሚለው ውዴ ፊት ሲደርስ ነው።

ውዴ ገበጣውን ገለበጠችው። ትምህርት ሁሉ እኩል አይደለም አለች፤ ሒሳብ በሳምንት አምስት ሰዓት፣ ታሪክ ሁለት፣ ስፖርት አንድ ሰዓት ክብደት አለው። ስለዚህ የሒሳቡ ሽምብራ አምስት ጊዜ፣ የታሪኩ ሁለት ጊዜ፣ የስፖርቱ አንድ ጊዜ ይቆጠር፤ ድምሩ ለስምንቱ ሰዓት በስምንት ጉድጓድ ይታደል። እንዳለችው ሲደረግ የእሷ ሃያ ስድስት ሆነ፤ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ገብቶ ሁለት ተረፈ። የገዳሙ ሃያ አራት፣ ልክ ሦስት ሦስት። የደባሱ ሃያ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሁለት ሁለት ገብቶ የተረፈው ስድስት ሽምብራ ጉድጓዶቹን ሦስት ሦስት ማድረስ አቃተው።

አባት አላመኑም። ሰዓት ሽምብራ ሲያረባ አይቼ አላውቅም አሉ። ልጅቷ ብልጥ ስለሆነች ፈጥራው ይሆናል ብለው በቅሎዪቱ ላይ ወደተቀመጠው ልጃቸው ዞሩ።

«ደባሱ፣ በሞቴ ንገረኝ። እህትህ እያታለለችኝ ነው?»

አንዲት «አዎ» ብቻ ነበረች የምትፈለገው። ማንም አያጣራም። ደባሱ ውዴን ሲያያት ቅናቱ ጉሮሮው ድረስ ወጣ፤ እንደ ፍም እያቃጠለው መልሶ ዋጠው።

«ልክ ናት፣ አባዬ። አማካይ ነጥብ የሚሰላው እሷ እንዳለችው ነው።»

ከበቅሎዋ ወረደ። ቅናቱ ግን አልበረደለትም። ውዴ ልጓሙን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ የገዳሙ እጅ ቀድሟት ነበር።

«በፈለጋችሁት ቁጠሩኝ፣ በሷም በሱም አቆጣጠር ሦስት ነኝ» አለ። «ባለፈው ሴሚስተር አንድ ከግማሽ አምጥቼ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጥቶኛል። እነሱ ዛሬም ያኔ የቆሙበት ላይ ናቸው። እኔ ነጥቤን እጥፍ አድርጌያለሁ።»

እስከዚያ በአንዲት እህት ብቻ ሲቀና ለኖረው ለደባሱ፣ አሁን አንድ ወንድም ተጨመረለት።

ጎረቤት ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ቃል የተገባው ለበለጠ ነጥብ ነው ይላል። ሌላው ከገደል አፋፍ የተመለሰ ይበልጣል ይላል። ሦስተኛው፣ ደባሱ አንዲት ቃል ቢዋሽ ኖሮ እናንተ አሁን ምን ይዛችሁ ትከራከሩ ነበር ይላል። አቶ ጓንጉል ልጓሙን ከሁሉም ተቀብለው በመንደሩ መሃል እንደቆሙ ናቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ በቅሎዪቱ ለማን ትገባለች? ነጥቧ ለበለጠው ለውዴ፣ ነጥቡን እጥፍ ላደረገው ለገዳሙ፣ ወይስ በቅናት እየተቃጠለ እውነቱን ለተናገረው ለደባሱ?