ስንዱና አልጣድ ያለው ድስት

ኧረ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ይቺን ደግሞ ስሙልኝ! ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ለመንገደኛ መሸጥ፣ በቃ። ሙያዋ እጅ ያስቆረጥማል፤ ችግሯ ማሰቧ ነው። ዓመት ሙሉ አሰበች! የሱቁ በር አረንጓዴ ይሁን ወይስ ቢጫ? የሳምቡሳው ጫፍ ይሹል ወይስ ይዶልድም? ሰው «መቼ ነው የምትከፍቺው?» ሲላት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትላለች። ምኑን ልታፈስ፣ ገና ድስት ሳትጥድ!

በመጨረሻ የሱቁ ባለቤት ታከታቸው። «ስንዱ ልጄ፣ ዛሬ ገበያው ሳይበተን ካልከፈትሽ ቁልፌን መልሺ። እንቁላል ነጋዴዋ ቦታውን ስጡኝ እያለች ቆማ ቀርታለች» አሏት። ስንዱ ክው አለች። ይህ ሱቅ ከሄደ ሌላ እንደማታገኝ ታውቃለች። ምስሩን ቀቀለች፣ ሊጡን ዳምጣ ሳምቡሳውን አጣጠፈች፣ ዘይቱን ድስት ውስጥ ገለበጠች፣ ክብሪቱን አነሣች፣ ከዚያማ አሰበች! «የመጀመሪያው ገዢ እግረ እርጥብ ካልሆነስ? እግረ ደረቅ የከፈተው ሱቅ መቼ ይቀናዋል?» ክብሪቱን ወርውራ ወደ ጋሼ አበጋዝ ሮጠች። ጋሼ አበጋዝ የረገጡት ቤት ሁሉ ይቀናዋል ተብሎ ከተማው የመሰከረላቸው ሽማግሌ ናቸው።

ጋሼ አበጋዝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። «እመጣልሽ ነበር ልጄ፤ ግን ጫማዬ አፉን ከፍቶ ሁሴን ዘንድ ነው ያለው። በነጠላ ጫማ ሄጄ ሱቅ ልመርቅ? ነውር ነው!» አሏት።

ወይ ጣጣ! ጫማው ካልተሰፋ ጋሼ አልመጣም አሉ፤ ጋሼ ካልመጡ ድስቱ አልጣድ አለ፤ ድስቱ ካልተጣደ ሱቁ አልከፈት አለ። ስንዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ ሁሴን በረረች።

ሁሴን ጫማውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተክዟል። «ወላሂ እህቴ፣ ክሬን የማሽበት ሰም አልቆብኛል። ሰም ያልነካው ክር ጠዋት ሰፍተሽው ማታ ይበጠሳል። እስቲ ማር ነጋዴዋን እትዬ አረጋሽን ጠይቂያቸው።»

ሰሙ ካልተገኘ ጫማው አልሰፋ አለ፤ ጫማው ካልተሰፋ ጋሼ አልመጣም አሉ፤ ጋሼ ካልመጡ ድስቱ አልጣድ አለ፤ ድስቱ ካልተጣደ ሱቁ አልከፈት አለ። ሩጪ እንግዲህ ስንዱ!

እትዬ አረጋሽ መጋዘናቸው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። «ሰም? ሰምማ ሞልቶኝ! ግን አየሽ፣ የገብሱ ጆንያ ሁሉ ላዩ ላይ ተከምሮበታል። እኔ በዚህ ወገቤ ልገፋው ነው? አውራጁን ይማምን ለምኚልኝ፤ ያውልሽ፣ ጆንያው ላይ ተጋድሟል።»

ጆንያው ካልተነሣ ሰሙ አልገኝ አለ፤ ሰሙ ካልተገኘ ጫማው አልሰፋ አለ፤ ጫማው ካልተሰፋ ጋሼ አልመጣም አሉ፤ ጋሼ ካልመጡ ድስቱ አልጣድ አለ፤ ድስቱ ካልተጣደ ሱቁ አልከፈት አለ። ገበያውም መሳሳት ጀምሯል።

«ይማም! ይማም ወንድሜ፣ ተነሥ!»

ይማም ኮፍያውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረገ። «እህል ሳልቀምስ ጆንያ አልነካም። ከንጋት ጀምሮ ሳወርድ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ብላ!»

«ምን ልብላ? ምግብ ቤት ቁጭ ልበል እንዳልል ሌላ መኪና እየመጣ ነው። በእጄ ይዤ እየገመጥኩ የምሠራበት ትኩስ ነገር ቢገኝ እኮ…»

«ሳምቡሳ!» አለች ስንዱ ሳታስበው።

«አፍሽን ቁርጥ ይብላው! የታለ?»

«የለም።»

«ለምን?»

ስንዱ ትንፋሽ ስባ ጀመረችው። «እንዴት ይኑር? አንተ ካልበላህ ጆንያው አልነሣ አለ፤ ጆንያው ካልተነሣ ሰሙ አልገኝ አለ፤ ሰሙ ካልተገኘ ጫማው አልሰፋ አለ፤ ጫማው ካልተሰፋ ጋሼ አልመጣም አሉ፤ ጋሼ ካልመጡ ድስቱ አልጣድ አለ፤ ድስቱ ካልተጣደ… ካልተጣደ…»

«ካልተጣደ እኔ አልበላ!» አለ ይማም። «ቆይ እስቲ። እኔ ያልበላሁት አንቺ ስላልጠበስሽ፣ አንቺ ያልጠበስሽው እኔ ስላልበላሁ ነው?»

እትዬ አረጋሽ ጆንያ ተደግፈው በሳቅ ፈረሱ። ስንዱ አፈረች፤ በራሷም ተናደደች። ግን ፍርሃቱ አለቀቃት። «ብከስርስ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ብትከስሪ ከስረሽ ታርፊያለሽ! አሁን እኮ ሳትሸጪ ነው የከሰርሽው። በይ ጣጂው!» አለ ይማም።

ይሄኔ ስንዱም ሳቀች። እየሳቀች ሮጠች፣ እየሳቀች ክብሪቱን ጫረች፣ ድስቱን ጣደች! ዘይቱ ጨስ አለ፣ ሳምቡሳው ተንጫጫ። የመጀመሪያው አረረ። አውጥታ ጣለችውና ሌላ ጨመረች፤ እሱ ደግሞ ወርቅ መስሎ ወጣ። እፍ እፍ እያለችበት ለይማም ይዛለት ሄደች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተፈታው! ድስቱ ሲጣድ ይማም በላ፤ ይማም ሲበላ ጆንያው ተነሣ፤ ጆንያው ሲነሣ ሰሙ ተገኘ፤ ሰሙ ሲገኝ ጫማው ተሰፋ፤ ጫማው ሲሰፋ ጋሼ ተነሡ! ይማም ጆንያ ተሸክሞ አፉ ሙሉ «ስንዱ ጋ ሂዱ!» እያለ ይጮኻል። ሾፌሩ መጣ፣ ረዳቱ መጣ፣ ሁሴን መርፌውን ጥሎ መጣ፣ እትዬ አረጋሽ ወገባቸውን ረስተው መጡ። የሱቁ ባለቤት ቁልፋቸውን ሊቀበሉ እንቁላል ነጋዴዋን አስከትለው ደረሱ፤ ሽታው አፍንጫቸው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ወረፋ ያዙ።

በመጨረሻ ጋሼ አበጋዝ ጫማቸውን አስወልውለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ለምርቃት እየጠረጉ ብቅ አሉ። «በይ ልጄ፣ ልከፍትልሽ መጥቻለሁ!»

«ጋሼ፣ አልቋል» አለች ስንዱ ባዶውን ትሪ እያሳየቻቸው። «ለነገ በጊዜ ይምጡ።»

«አልቋል? ታዲያ ማን ከፈተልሽ?»

ስንዱ በዱቄት እጇ ዕንባዋን ጠረገች፤ ደስታ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። «እኔው ነኝ ጋሼ! እኔው ራሴ ከፈትኩት!»

በሉ ተረቴን መልሱ፤ ለአፌ ግን ዳቦ አልፈልግም፣ ሳምቡሳ ግዙልኝ፣ ትኩሱን።