ጦጣ የቀመሰችው ዋንጫ

ልነግራችሁ ነውና ጠጋ በሉ። እንስሳት ድግስ በሚጠራሩበት ዘመን ልጇን የምትድር ቆጣቢ ጦጣ ነበረች። እንክርዳድ የበዛበት ገብስ በርካሽ ሸመተችና ሳትለቅም ጠላ ጠመቀችው። እንክርዳድ ራስ እንደሚያዞር ግን ታውቃለች።

አማቾቿ ዝንጀሮዎች መጥተው ተቀመጡ። ጦጣ በዋንጫ ቀድታ መጀመሪያ ለጎረቤቷ ለአሮጊቷ ኤሊ ዘረጋችላት። ኤሊ አልተቀበለችም።

“ባለቤት ቀምሶ ነው የሚሰጠው፣ ልጄ።”

“እትዬ፣ ጓዳ ስቀምስ ነው የዋልኩት።”

“እኔ አላየሁሽም።”

የሙሽራው አባት ዝንጀሮ ዓይኑን ከዋንጫው ላይ አልነቀለም። ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች። ጦጣ ጠላውን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ግን ሳትቀምሰው ወደ ዋንጫው መለሰችው።

ከዚያም ጋኑን እየጎተተች አውጥታ ደጅ ላይ ደፋችው። ምንጭ ወርዳ ውሃ ቀዳች፤ በሁሉም ፊት ከመዳፏ ቀመሰችና ዋንጫውን በውሃው ሞልታ ለኤሊ ሰጠቻት።

ኤሊ ተጎነጨችና ለዝንጀሮው አሳለፈችለት።

“ጥሩ ጠላ ነው” አለች።

ዝንጀሮው እስኪያልቅ ጠጣ። ዋንጫውን መልሶ ዘረጋና፣ “ድገሚልን፣ እመቤት” አለ።

የኔ ተረት ይኸው ነው፤ ተራው የናንተ ነው።