አየር የሚስበው ማማሰያ

አንድ ልሳኑ የሚባል ብረት ሠሪ ነበር። የሠራው ሁሉ ስለሚያምርለት የሰው ምክር መስማት ብዙም አይወድም ነበር።

በከተማው ዳር ባለ አንድ የእርሾ ፋብሪካ ውስጥ፣ ወደ ትልቁ ታንከር አየር የሚነፋው ሞተር ተቃጠለ። እርሾ ደግሞ አየር ካላገኘ አይበዛም። መለዋወጫ ጠፋ። የፋብሪካው ባለቤት ልሳኑን አስጠርተው፣ «ፈሳሹን እያማሰለ አየሩንም ራሱ የሚስብ ማማሰያ ሥራልኝ። እስከ ዓርብ ካልሆነ በሩን እዘጋለሁ፤ ሃያ ሁለቱም ሠራተኞች ይበተናሉ» አሉት።

ልሳኑ ሰፋፊ መቅዘፊያ ያለው ማማሰያ ሠራ። ፈሳሹ ዞረ እንጂ አንድም አረፋ አልታየም። መቅዘፊያዎቹን አበዛ፣ አወፈረ። ታንከሩ ተንቀጠቀጠ፤ አየር ግን አልገባም። ሐሙስ ደረሰ።

ታንከር አጣቢዋ እትዬ ዘርፌ ቆመው ሲያዩት ቆዩና፣ «ልጄ፣ ፈሳሹን እንዲህ የምትደበድበው ምን በድሎህ ነው?» አሉት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ገንፎ ማማሰል አይደለም።»

«ገንፎስ ቢሆን ክንድ ብቻ መቼ ይበቃዋል! ትዕቢትህን እዚያ አስቀምጥና ወዲህ ና።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ልሳኑ አፈረ፤ ሌላ መላ ስላልነበረው ግን ተከተላቸው።

እትዬ ዘርፌ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተው መዳፋቸውን በፍጥነት ገፉበት። «ፊቱን ተወው፤ ጀርባውን እይ» አሉ። ከመዳፋቸው ኋላ ውሃው ጎድጎድ አለ። ቀጥለው ውስጡ ባዶ የሆነ ቀሰም አነሡ። የታች አፉን ከመዳፋቸው ጀርባ፣ የላይኛውን ከውሃው በላይ አድርገው እጃቸውን ደግመው ገፉ። አየሩ በቀሰሙ ወርዶ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ይሄን መቼ አወቁት?» አለ ልሳኑ ደንግጦ።

«ሳጥብ ሁልጊዜ አየዋለሁ። የሚጠይቀኝ አጣሁ እንጂ።»

ልሳኑ መቅዘፊያዎቹን የያዘውን ድፍን የብረት ዘንግ አውጥቶ በቧንቧ ተካው። ከእያንዳንዱ መቅዘፊያ ጀርባ ወደ ቧንቧው የሚያስገባ ቀዳዳ በሳ፤ የቧንቧውን ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ክፍት ተወው። ዓርብ ጠዋት ማማሰያው ሲዞር ታንከሩ ከሥር እስከ ላይ በአረፋ ነጣ። ሠራተኞቹ እልል አሉ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉት ባለቤቱ።

ልሳኑ ግን ጎንበስ ብሎ የእትዬ ዘርፌን እርጥብ እጅ ሳመ። «የተባረከው ይኸኛው ነው። እኔማ ሳምንቱን ሙሉ ፈሳሽ ስደበድብ ነው የከረምኩት» አለ በሁሉም ፊት።

«ኧረ ተው፣ ሳሙና ነው!» አሉ እሳቸው እጃቸውን እየነጠቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ማማሰያው አየር የሳበው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ባዶ ቦታ ስለተወና መግቢያ ስለተከፈተለት ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። በራሱ እውቀት ድፍን የሆነ ሰው የቱንም ያህል ቢሽከረከር ከሌላው የሚያገኘው የለም። ለሌላው ቦታ የተወ ግን ይቀበላል፤ መቀበሉን ያወቀም ማመስገን አይከብደውም።

እናንተስ፣ መንገድ አሳይቷችሁ ሳለ በሰው ፊት ስሙን ጠርታችሁ ያላመሰገናችሁት ማን አለ?