የጋሼ ድልነሳው የባትሪ መለኪያ

አዋቂ ነኝ ብሎ ያመነን ትልቅ ሰው፣ ሳይቀየም «ተሳስተዋል» ማለት የሚቻለው እንዴት አድርጎ ነው? እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። እናኑም አላገኘችውም። ሳታገኘው ነው እንግዲህ ነገሩ ውስጥ ዘላ የገባችው።

አንድ ቀን ሾላ ሜዳ በምትባል ቀበሌ እንዲህ ሆነ።

ለሾላ ሜዳ ከተማው ከወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ወንዙ ከሞላ ደግሞ ከተማ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የሌለ ያህል ነው። ስለዚህ ልጅ የሚከተበው እዚያው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ቀን ፀሐይ አራት ትልልቅ ባትሪዎችን ትሞላለች፣ ሌሊት ባትሪዎቹ ማቀዝቀዣውን ያሠራሉ። ደህና ነበር። በኋላ ግን ባትሪዎቹ ይለግሙ ጀመር። ማታ ደህና ያመሻሉ፤ ጠዋት ጤና ሠራተኛዋ ብዙአየሁ ስትከፍተው ማቀዝቀዣው እንደ ጓዳ ሞቆ ይጠብቃታል። የሞቀ ክትባት ደግሞ ለልጅ አይሰጥም፣ ይደፋል።

እናኑ ልጇን ፍሬሰላምን አዝላ ለኩፍኝ ክትባት ሄደች። «ተደፍቷል» ተባለች። ደግማ ሄደች። አሁንም ተደፍቷል። ከወንዝ ማዶ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ ከሰማች ወዲህማ እንቅልፍ የላትም። ልጅቱ ባነጠሰች ቁጥር ልብሷን ገልጣ ሆዷን ታያለች፣ ጀርባዋን ታያለች፣ ከጆሮዋ ኋላ ታያለች፣ እንደገና ሆዷን ታያለች።

«ኧረ አታገላብጫት!» ይላታል ባሏ። «ልጅ ናት እንጂ ቂጣ አይደለችም!»

ወረዳው «የሞተውን ባትሪ ለይታችሁ ንገሩን፣ እንቀይራለን» ብሏል። ግን የትኛው ነው የሞተው? አራቱም ጥቁር፣ አራቱም አራት ማዕዘን፣ አራቱም ዝም ያሉ። ለመለየት መለኪያ መግዛት ያስፈልጋል። መለኪያ የሚመርጠው የጤና ኬላው ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ጋሼ ድልነሳው ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ።

ጋሼ ድልነሳው የእናኑ ባል አጎት ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የማያውቁት ነገር የለም እንጂ። ስለ በሬ ብትጠይቋቸው ያውቃሉ። ስለ ጥርስ ሕመም ያውቃሉ። ስለ ምጥ እንኳን ያውቃሉ፤ የሰፈሩ አዋላጅ አንድ ጊዜ መሯት «እስቲ ጋሼ ድልነሳው ራሳቸው ይውለዱና እንረፍ!» ብላ ነበር። በባትሪማ የሚስተካከላቸው የለም። ድሮ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው ነፍስ ይዘሩበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባትሪ የሚባል ሁሉ በእሳቸው አፍ ውስጥ ያለፈ ይመስላቸዋል።

ታዲያ በዚያ ቀን ሸጋው የሚባል ነጋዴ ሁለት መለኪያ ይዞ ከከተማ መጣ። ኮሚቴው ጤና ኬላው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አራቱ ባትሪዎች ተነቅለው ወጥተው ፊት ለፊት ተደረደሩ። እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ከኋላ ቆሙ። እናኑም ከመካከላቸው ነበረች፤ ፍሬሰላም ጀርባዋ ላይ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች።

ሸጋው መጀመሪያ መዳፍ የምታህል፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት መለኪያ አወጣ።

«ይቺ ባትሪውን ነካ ሲያደርጉባት ቁጥር ታሳያለች፤ የዚህ ዓይነት ባትሪ ልኩ ዐሥራ ሁለት ነው» አለ።

ቀጥሎ እያቃሰተ አንድ ከባድ ነገር አወጣ። እጀታ አለው፣ ወፍራም ሽቦ አለው፣ ሆዱ ውስጥ የተጠማዘዘ ብረት አለው።

«ይሄኛው ደግሞ ባትሪውን ሥራ ያሠራዋል። ብረቱ ይግላል፣ ባትሪው ይሸከማል። የሚችለውና የማይችለው በመርፌው ይታያል።»

«የትኛው ይሻላል?» አለች ብዙአየሁ።

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለ ሸጋው።

ጋሼ ድልነሳው ተነሥተው ትልቁን በከዘራቸው ቆረቆሩት።

«ይሄ ምንድን ነው? ካውያ ነው? ባትሪ ልንለካ ነው ሱሪ ልንተኩስ?»

«ልክ ነዎት» አለ ሸጋው።

ትንሿን አነሧት። ገለበጧት። ኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቷት፤ ልክ ገባች። ሽቦዎቿ በደረታቸው ላይ ሲንጠለጠሉ አዩና ፈገግ አሉ፤ ሐኪም መሰሉ። በቃ፣ ያኔ ነገሩ አለቀ። መጀመሪያ የራሳቸውን የእጅ ባትሪ ለኩ። ከዚያ የአንዱን የኮሚቴ አባል ሬዲዮ ለኩ። ከዚያ የሸጋውን ሞተር ሳይክል ለኩ። ከዚያ አጠገባቸው ቆማ የነበረችውን ፍየል ሁለቱን ቀንዶቿን ይዘው ለኳት።

«ዜሮ!» አሉ። «ይቺ አልቆላታል።»

ያለቀላት ፍየል የሸጋውን ካርቶን እየበላች ነበር።

በመጨረሻ ወደ አራቱ ባትሪዎች ሄዱ። በየተራ ነካ፣ ነካ አደረጓቸው።

«ዐሥራ ሁለት! ይሄም ዐሥራ ሁለት! ይሄ ጎበዝ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ከምናምን! ይሄም ዐሥራ ሁለት!» ወደ ሰዉ ዞሩ። «አራቱም ደህና ናቸው። አላልኳችሁም? ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ነው።»

«ጋሼ» አለች ብዙአየሁ ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ጠዋት ግን ሞቆ ነው የማገኘው።»

«ከፍተሽ ስለምታዪው ነዋ የሚሞቀው!»

«ሳልከፍተው ታዲያ መሞቁን በምን አውቃለሁ?»

«በግምት!»

«ልክ ነዎት» አለ ሸጋው።

«እንግዲህ ትንሿን እንገዛለን» አሉ ጋሼ ድልነሳው፣ «ለወረዳውም አራቱም ባትሪ ደህና ነው ብለን እንልካለን። እስከዚያው ልጆች፣ እነዚህን ባትሪዎች ፀሐይ ላይ አውጧቸው፤ ትንሽ ይሙቃቸው፣ ብርታት ያገኛሉ።»

ጎረምሶቹ ተነሥተው ሦስቱን እያነሱ ወደ ፀሐዩ ወሰዱ።

እናኑ ነገሩን በልቧ አሰላች። አራቱም ደህና ነው ተብሎ ከተላከ የሚቀየር ባትሪ የለም። የሚቀየር ባትሪ ከሌለ ክትባቱ ክረምቱን ሙሉ ሲደፋ ሊከርም ነው። ወንዙም ሊሞላ ነው። በእጇ ወደ ኋላ የልጇን እግር ፈልጋ ጨበጠች። ሞቀ እንዴ? አልሞቀም። ሞቀ መሰለኝ። ኧረ አልሞቀም።

«ጋሼ!» አለች፣ ሳታስበው።

አጠገቧ ያለችው ሴት ነጠላዋን ጎተተቻት። «ዝም በይ! የባልሽ አጎት ናቸው እኮ!»

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ድልነሳው።

እናኑ «ተሳስተዋል» እንዳትል አፏ አይዞርም። ዝም እንዳትል ልጇ ጀርባዋ ላይ ናት። ከሁለቱ መካከል ስትንከራተት ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ጤናዎን ሳልጠይቅዎ ብዬ ነው። ደህና ሰነበቱ?»

ሰዉ ሳቀ። በስብሰባ መካከል ሰላምታ!

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሼ ድልነሳው፣ ሰላምታ መቼም ሳይመልሱት አይታለፍም።

«ወገብዎስ?»

ጋሼ ድልነሳው ከበቅሎ ከወደቁ ወዲህ የወገባቸውን ነገር በሾላ ሜዳ የማያውቅ የለም። ጫማቸውን የሚያስሩላቸው ሚስታቸው ናቸው። ጎንበስ ያሉ እንደሆን የሚያቀናቸው ሰው ካልተጠራ አይሆንም።

«ተመስገን።»

«ጉልበትዎስ ጋሼ?»

«ተመስገን አልኩሽ! ምንም አልሆንኩም። እንደ ብረት ነኝ!»

«እሰይ! እንግዲያስ ያቺ አንዷ ባትሪ ጥላው ላይ ቀርታለች። አንሥተው ወደ ፀሐዩ ቢያወጡልንስ?»

እናኑ የጠበቀችው «ወገቤን ታውቂ የለም ወይ» እንዲሏት ነበር። እንዲያ ካሉ ከዚያ ተነሥታ የባትሪውን ነገር ልታስረዳ ነበር። ጋሼ ድልነሳው ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያውም ከከተማ የመጣ ነጋዴ እያየ፣ ወገቤን ሊሉ? እንዴት ተደርጎ! ከዘራቸውን ለሸጋው አቀበሉ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ዞር በሉ» አሉ። ጎንበስ ብለው ባትሪውን ጨበጡና ብድግ አደረጉት።

ብድግም አላለ። ከመሬት ለቀቅ እንዳለ «እህ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ባትሪው ዱብ አለ፣ ጋሼ ድልነሳው ግን እዚያው ቀሩ። ፊታቸው ወደ መሬት፣ ጀርባቸው ወደ ሰማይ፣ የመለኪያዋ ሽቦዎች ከኪሳቸው ተንጠልጥለው ሣሩን ይነካሉ።



«ጋሼ!» አለች ብዙአየሁ ደንግጣ። «ምን ሆኑ? ደህና ነዎት?»

ጋሼ ድልነሳው እንደ ጎበጡ፣ ለሣሩ እየነገሩት፣

«ተመስገን» አሉ።

እናኑ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«አዩ ጋሼ?» አለች። «ባትሪውም እንደ እርስዎ ጨዋ ነው፤ ጤናውን ሲጠይቁት ተመስገን ይላል። ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሲያሸክሙት ነው!»

ጤና ኬላው በሳቅ ፈረሰ። ኮሚቴው ከአግዳሚው ላይ ተንሸራተተ። ነጠላዋን የጎተተቻት ሴት ራሷ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ፍሬሰላምም ሰው ሲስቅ አይታ ጀርባ ላይ ሆና እጇን ታጨበጭብ ጀመረች። የማይስቁት እናኑና ጋሼ ድልነሳው ብቻ ነበሩ። እናኑ አሁን ገና ያለችው ነገር ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ጋሼ ድልነሳው ደግሞ ሣር እያዩ ነው።

«እናኑ» አሉ ከታች።

«አቤት ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ትልቁ መለኪያ ይምጣ።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ።

«መጀመሪያ ግን» አሉ፣ «እኔን ቀና አድርጉኝ!»

«ልክ ነዎት» አለ ሸጋው። በዚያ ቀን «ልክ ነዎት» ካለው ሁሉ እውነት የነበረው ይሄ ብቻ ነው።

ሁለት ሰዎች በብብታቸው ገብተው፣ አንዱ ወገባቸውን ደግፎ፣ እንደ ድንኳን ምሰሶ ቀስ እያሉ አቆሟቸው። ከዚያ ትልቁ መለኪያ መጣ። የመጀመሪያው ባትሪ ላይ ሲያያዝ ብረቱ ጋለ፣ መርፌው ግን ቦታውን አለቀቀም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ መርፌው እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዶ ወደቀ። አራተኛው፣ ያ ጋሼ ድልነሳው ሊያነሱት የነበረው፣ ገና ሽቦው ሲነካው መርፌው አንዴ ዘጭ አለ።

ጋሼ ድልነሳው መርፌውን አዩ። ባትሪውን አዩ። እናኑን አዩ።

«ሬሳ ነው ለካ ያሸከምሽኝ!» አሉ።

ያኔ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ በመሃል ግን «ወይኔ ወገቤ!» ብለው አቆሙት።

ትልቁ መለኪያ ተገዛ። የሞቱት ሁለት ባትሪዎች ተለይተው ለወረዳው ተነገረ፣ ወንዙ ሳይሞላም ተቀየሩ። ብዙአየሁ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ከፍታ እጇን አስገብታ «ቀዝቅዟል!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ወጣ። ፍሬሰላም ተከተበች። ቀበሌው እስኪሰማ አለቀሰች። እናቷም አብራ አለቀሰች፤ የእሷ ግን ጥርሷን እያሳየች፣ በደስታ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር።

ጋሼ ድልነሳው ግን አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሰው ሲጠየቅ እውነቱን መናገር አለበት፣ ያለዚያ እንደዚያ ባትሪ ሳይቀየር ይሞታል» ብለው ቆርጠዋል። «እንዴት አደሩ?» ሲሏቸው «ተመስገን» ማለት ቀረ።

«መቼ አደርኩ!» ይላሉ። «ወገቤ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ቆይ፣ ከእግሬ ልጀምርልሽ…»

ከእግራቸው ይጀምራሉ። ጉልበት ላይ ሲደርሱ ያርፋሉ። ጨጓራቸው ጋ ሲደርሱ ድሮ ያማቸው የነበረውን ሁሉ ያስታውሳሉ። ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሴት እንስራዋን እንዳዘለች ትቀራለች። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ገበያው ተበትኖ ይደርሳል። አሁንማ ሰዉ በራቸውን ላለማለፍ በእሾሁ በኩል አዲስ መንገድ አውጥቷል።

ሚስታቸው ደግሞ በየቀኑ እናኑን ይወቅሷታል። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ፣ አንቺው አስተካክይልኝ! ያንን ተመስገኑን መልሽልኝ!»

የእናኑ በር ከጋሼ ድልነሳው በር ፊት ለፊት ነው። በእሾሁ በኩል መዞር አይሆንላትም፤ ሰላም ሳትል እንዳታልፍ የባሏ አጎት ናቸው፣ ነውር ነው። ሰላም ካለች ደግሞ ከጨጓራቸው ሳይወጡ ይመሻል፤ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች።

እስቲ እናንተ ምከሯት፤ ጠዋት በሯን ስትከፍት ምን ትበላቸው?