ፀጉሯን የምትነካካው ሴት

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈረች ከሰፈሯ ሁለት ፌርማታ አልፋ የምትወርድ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ይችው ዓይን አፋር ያጠናችው ደግሞ «ሴቶች ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላሉ?» የሚለውን ነው።

የሕግ፣ የጤናና የግብርና ተማሪዎች ስለ ሴቶች ያጠኑትን በሚካፈሉበት መድረክ ላይ ተራዋ ደረሰና ስለ አንዲት የተማረች ሴት አነበበች። ሴትየዋ ጥያቄዋን መስታወት ፊት ተለማምዳ ትመጣለች፤ እጇንም ታወጣለች፤ ሰው ሲያያት ግን ፀጉሯን የምታስተካክል መስላ ታወርደዋለች።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ይርዳው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ ተምራ ይህን ያህል የምትፈራ ሴት የለችም። ከራስሽ ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው። አሁኑኑ እዚህ ካላመጣሻት ጥናትሽን አላሳልፍም!»

የተማሪዋ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ፀጉሯ ሲሄድ በሌላው እጇ ያዘችው።

«ፕሮፌሰር፣ ሴትየዋ እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ እጄን ባወጣሁ ቁጥር ‹አንቺ ልጅ፣ ፀጉርሽን ቤትሽ አበጥሪ› ይሉኝ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ቤቴ አበጥሬ መጥቻለሁ፤ አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ?»